ዜማ ከጉባኤ ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ

በመካከለኛው ዘመን በአውሮጳ ትምህርት ቤቶች ሙዚቃ ከሰባቱ ጥበባት እንደ አንዱ ይቈጠር ነበር። ተማሪው በመጀመሪያ ሰዋስውን፣ የንግግር ጥበብንና ሎጂክን ያጠናል፤ ከዚያ በኋላ ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና ሥነ ፈለክ ይከተላሉ። ሰባቱ በአንድነት «ሊበራል አርትስ» መባላቸው ለእንጀራ ማግኛ ሳይሆን ለነጻ ሰው አእምሮ ማነጫ የሚገቡ ናቸው ተብሎ ስለ ታመነ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የጻፈው ሮማዊው ፈላስፋ ቦኤጥዮስ ከሙዚቃ ጋራ ግንኙነት ያላቸውን ሰዎች በሦስት ከፍሎ፣ መሣሪያ የሚመታውንና መዝሙር የሚደርሰውን ከበታች አድርጎ፣ ሙዚቀኛ የሚለውን ስም የሰጠው የድምፅን ሥርዓት መርምሮ ለሚፈርደው ብቻ ነበረ። በአገራችን ትውፊት ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ዜማውን የደረሰው በዚያው በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን መሆኑን ስናስብ፣ ሁለቱ አገሮች ስለ አንድ ነገር በአንድ ዘመን እንዴት በተለያየ መንገድ እንዳሰቡ መመልከት ይቻላል።

በአውሮጳ የሙዚቃ ትምህርት ቆይቶ በሁለት መንገድ ተከፈለ። አንደኛው እንደ ፓሪሱ ኮንሰርቫቷር (1795 እ.ኤ.አ.) ተጫዋችን የሚያሠለጥን ልዩ ትምህርት ቤት ነው። ሁለተኛው ሙዚቃን ከታሪክ፣ ከቋንቋና ከሳይንስ ጋራ በአንድነት የሚያስተምረው ኮሌጅ ነው፤ በአሜሪካ ጆን ኖውልስ ፔይን እ.ኤ.አ. በ1875 በሃርቫርድ የሙዚቃ ፕሮፌሰር ሆኖ ሲሾም ይህ መንገድ በግልጽ ታወቀ። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚማረው ወጣት ተጫዋች ሆኖ እንዲወጣ አይገደድም፤ የሚጠየቀው ሙዚቃን እንደ አንድ የዕውቀት ክፍል እንዲያውቅ ነው።

ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የሊበራል አርትስ ኮሌጅ፣ ማለት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅን፣ በ1943 ዓ.ም. (1950 እ.ኤ.አ.) ስትከፍት፣ ሙዚቃ ከትምህርት ክፍሎቹ አንዱ አልነበረም። ይህ ነገር ሊመረመር ይገባዋል፤ ምክንያቱም በዚያው ጊዜ በአገሩ ውስጥ ሙዚቃን ለከፍተኛ ትምህርት መግቢያ በር አድርጎ የያዘ፣ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቈጠር ዕድሜ ያለው ሥርዓት በየደብሩ ይሠራ ነበር።

ይህ ሥርዓት በተማሪው ላይ ምን ያህል ሸክም እንደሚጥል ለመረዳት፣ ከጐጃም ምዕራብ፣ ቀድሞ አገው ምድር ይባል ከነበረው፣ ዛሬ አዊ ከሚባለው አገር የሚነሣውን ልጅ መከተል ይበቃል። ከጥርባ ወይም ከእንጅባራና ከዳንግላ ገጠር የሚወጣና አፉን በአዊኛ የፈታ ልጅ ለትምህርት ሲሰጥ ሦስት ቋንቋ ይገጥመዋል። በቤቱ አዊኛ ይናገራል፤ ከየኔታውና ከጓደኞቹ ጋራ የሚነጋገረው በአማርኛ ነው፤ የሚያዜመው ደግሞ በግዕዝ ነው። አዊኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ስለ ሆነ ከሁለቱ ሴማውያን ቋንቋዎች በጣም ይርቃል። ስለዚህ ለሸዋው ወይም ለጐንደሩ ልጅ በከፊል የሚታወቀው የግዕዝ ቃል ለዚህኛው ሁሉም በአንድነት እንግዳ ነው። ሆኖም ዜማ ገና ትርጓሜው ሳይታወቅ በቃል የሚጠና በመሆኑ፣ በዜማ ቤት ውስጥ ከሌሎች እኩል የሚሆንበት ጊዜ ይመጣል፤ በዚያ የሚፈረደው በጆሮና በትዝታ ነውና።

ልጁ ፊደልን ቈጥሮ ዳዊት ከደገመ በኋላ ወደ ዜማ ይገባል። ምዕራፍን፣ ጾመ ድጓን፣ ከዚያም የዓመቱን በዓላት ሁሉ የሚያጠቃልለውን ድጓን ይቀጽላል። ዝማሬና መዋሥዕት፣ ቅዳሴና አቋቋም ራሳቸውን የቻሉ ጉባኤዎች ናቸው፤ ለእያንዳንዱም የታወቀ ማስመስከሪያ ቦታ አለው። ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጐንደር ይመሰከራል። የድጓ ምስክር ያለው ጋይንት በምትገኘው በቤተ ልሔም ነው። ጐጃም በቅኔ ጉባኤዎቹ፣ በዋሸራና በጐንጅ፣ ከሁሉ የበለጠ የታወቀ አገር ስለ ሆነ፣ የአዊው ልጅ ቅኔን ከቤቱ ሳይርቅ ሊያገኝ ይችላል፤ በድጓ ለመመስከር ግን ዓባይን ተሻግሮ ወደ በጌምድር መውጣት አለበት። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ በየመንደሩ እየለመነ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ወጪውን የሚከፍልለት መንግሥትም ሆነ ደብር የለውም። የትምህርቱ ዋጋ በመንደሩ ሰው ቁራሽ ይከፈላል። በዓለም ላይ ያለው የነጻ ትምህርት ሥርዓት ሲጻፍ ይህኛው የሚገባውን ቦታ አግኝቷል ለማለት ያስቸግራል።

ተማሪው የሚማረው ነገር ምን እንደ ሆነ በጥቂቱ መግለጽ ያስፈልጋል። ዜማው በሦስት ይከፈላል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት የዜማ ምልክትን እንዳደራጁ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይናገራል። ምልክቶቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ዓይነት ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የሚባሉት ስምንቱ ናቸው፤ ድርስና አንብር ሲጨመሩ ዐሥር ይሆናሉ። እነዚህ ድምፅ የሚወጣበትን፣ የሚወርድበትን፣ የሚረግጥበትንና የሚንቀጠቀጥበትን ያሳያሉ። ሁለተኛው ዓይነት ከታወቀ የድጓ ንባብ የተወሰደ አንድ ወይም ሁለት ፊደል ሲሆን፣ ከሌላ ንባብ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት ይቀመጣል። አንባቢው ያንን ፊደል ባየ ጊዜ የተወሰደበት ንባብ ዜማ በሙሉ ይታወሰዋል፤ ከፊቱ ያለውንም ቃል በዚያ ዜማ ያዜማል። ብዛታቸው በመቶዎች የሚቈጠር ስለ ሆነ ድጓውን አስቀድሞ በቃሉ ላልያዘ ሰው ምልክቱ አንዳች አይጠቅመውም። አምስት መስመር ያለው የአውሮጳ ኖታ ዜማውን ለማያውቀው ሰው ያሳውቃል፤ የቤተ ልሔም ምልክት ግን የሚያውቀውን ሰው ከመሳሳት ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ይህ ልዩነት ነው በኋላ ጊዜ ኮሌጁንና ዜማ ቤቱን እንዳይገናኙ ካደረጉት ነገሮች ዋነኛው።

የአውሮጳ ሊቃውንት ወደዚህ ትምህርት የደረሱት ዘግይተው ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኅዳር ወር 1770 እ.ኤ.አ. የአገውን አገር አልፎ ወደ ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ የጻፈው ደብዳቤ ቻርልስ በርኒ በ1776 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ገብቷል። ደብዳቤው በተለይ የሚናገረው ስለ መሣሪያዎች፣ ይኸውም ስለ ዋሽንት፣ ስለ መለከት፣ ስለ ነጋሪት፣ ስለ ጸናጽልና ስለ ክራር የመሳሰሉት ነው። ለተጓዥ ሰው መሣሪያ በዓይን የሚታይና በሥዕል የሚነሣ ነገር ነው፤ በጐጆ ውስጥ ሌሊት በቃል የሚቀጸል ድጓ ግን እንዲህ አይደለም። ከእርሱ በኋላ በናፖሌዎን ዘመን ፈረንሳዊው ቪዮቶ በካይሮ ካገኛቸው ኢትዮጵያውያን ካህናት ዜማ እየሰማ በአውሮጳ ኖታ ለመጻፍ ሞከረ።

የአውሮጳ ሙዚቃ በበኩሉ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በትምህርት በር ሳይሆን በሰልፍ በር ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የተባሉት፣ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥት ማርሽ ባንድ ሆኑ፤ እስከ አብዮቱ ዘመን የቈየውንም ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ናልባንዲያን ነበረ። ስለዚህ «ሙዚቃ» የሚለው ቃል በከተማው ሰው ጆሮ የነሐስ መሣሪያንና የወታደር ሰልፍን የሚያሳስብ ሆኖ ቀረ። «ዜማ» የቤተ ክርስቲያን፣ «ዘፈን» የሠርግና የአዝማሪ ሆነው ቀጠሉ። ሦስቱን በአንድ ስም የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ያስተማራቸውም የለም።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዜማን የተወው አውሮጳን በመምሰል ነው የሚለው አሳብ ብዙ ጊዜ ይሰማል። አሳቡ ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን ከዜማ ቤቱ ዘንድ የሚገኝ ነው። መሪጌታው ዜማን ጸሎት እንጂ ሙዚቃ አይለውም፤ ከአዝማሪ መሰንቆና ከማርሽ ባንድ ጋራ በአንድ ክፍል ሥር ተመድቦ እንዲጠራ ቢጠየቅ እንደ ስድብ ይቈጥረው ነበር ማለት ማጋነን አይደለም። የኮሌጁ አስተማሪዎች ደብተራውን ፕሮፌሰር ለማድረግ አላሰቡም፤ ደብተራውም ፕሮፌሰር መሆን አልፈለገም። በዚህ መካከል የተጐዳው ከሁለቱ ወገን አንዱም ሳይሆን፣ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በድጓ ደክሞ ወደ ከተማ የመጣው ወጣት ነው፤ የተማረው ትምህርት ለኮሌጅ መግቢያ አይቈጠርለትምና።

በዚያን ጊዜ ሙዚቃ ወደ ኮሌጁ የገባው በሌላ በር ነበረ። ተማሪዎች የየአገራቸውን ልማድ እየመዘገቡ በኤትኖሎጂ ማኅበሩ መጽሔት ሲያወጡ፣ የሠርጉና የለቅሶው ዘፈን አብሮ ይመዘገብ ጀመር። የተጻፈው ግን በአብዛኛው ግጥሙ ነው፤ ድምፁ አይደለም። ያም ቢሆን ቀላል ሥራ አይደለም፤ በኋላ የመጣ ተመራማሪ ከእነዚያ ገጾች ብዙ ይጠቀማል።

ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. (1961 እ.ኤ.አ.) ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከተለወጠ በኋላ ነገሩ ተንቀሳቀሰ። ግብፅ ተወላጁ ደራሴ ዜማ ሃሊም ኤል-ዳብ ከ1962 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲው አስተማረ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታና መለከት እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ጊዜና ቦታ የተሠሩ ናቸው፤ በአንድ መድረክ አብረው እንዲሰሙ ማድረግ በራሱ አዲስ አሳብ ነበረ። ሁሉም ሰው አልወደደውም፤ በገና የዐቢይ ጾም መሣሪያ መሆኑን እያስታወሰ የሚያጕረመርም ሰው ምክንያት አልነበረውም አይባልም። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦርኬስትራውን ተስፋዬ ለማ መራው።

በዚሁ በ1963 እ.ኤ.አ. አሸናፊ ከበደ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነ። በ1938 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተወለደው አሸናፊ በአሜሪካ ከሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የኢስትማን ሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1962 እ.ኤ.አ. ተመርቆ የተመለሰ ነው። የያሬድ ትምህርት ቤት ስሙን ከማኅሌታዩ ቢወስድም አሠራሩ ከላይ ከተባሉት ሁለት መንገዶች የመጀመሪያውን፣ የኮንሰርቫቷሩን፣ የተከተለ ነው፤ ተማሪው ፒያኖና ቫዮሊን፣ ከእነርሱም ጋራ የአገሩን መሣሪያ ይማራል፤ ንባቡ በኖታ ነው።

የአሸናፊ ሕይወት ራሱ የሁለቱን መንገዶች ልዩነት ያሳያል። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተመልሶ የገባው በኮኔቲከት ወደሚገኘው ወደ ዌስልያን ዩኒቨርሲቲ ነው። ዌስልያን በሊበራል አርትስ ትምህርቱ የታወቀ ነው፤ በዚያም ሮበርት ብራውንና ዴቪድ ማክአለስተር የሌሎችን ሕዝቦች ሙዚቃ ከአውሮጳው እኩል የሚያስተምር ክፍል መሥርተው ነበር። የናቫሆ ሕንዶችን መዝሙር ያጠናው ማክአለስተር በሚያስተምርበት ክፍል የኢትዮጵያ ዜማ እንግዳ ሆኖ አይታይም። አሸናፊ በ1971 እ.ኤ.አ. ዶክትሬቱን የተቀበለው ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ዕድገትና ባህላዊ መሠረት በጻፈው ድርሳን ነው። ቤተ ክርስቲያኑን፣ አዝማሪውንና እረኛውን በአንድ መጽሐፍ ሊያሰባስብ የቻለው ሦስቱ ተለያይተው ከሚኖሩበት አገር ወጥቶ መሆኑ የሚያስገርምም የሚያሳዝንም ነው። ቀሪ ዘመኑን በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲያስተምር ኖሮ በ1998 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ አረፈ።

የድጓው ጥናት ግን ቀጠለ። ፈረንሳዊው ካህን በርናር ቬላ ምዕራፍንና ጾመ ድጓን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሳተመ። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ሦስት ቅጾች ምልክቱን ከብራና መጻሕፍት ጋራ እያስተያዩ የታሪኩን ጉዞ መረመሩ። በዚህ ሥራ ውስጥ ጐልቶ የሚታየው ነገር የብራናው ምልክት ያለ ሕያው መሪጌታ ሊነበብ አለመቻሉ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው መጽሐፉን ቢያገኝም የሚያነብለት ሰው ከዜማ ቤት መምጣት ነበረበት። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የኪነ ጥበብ ተቋም በቨርጂንያ የሚኖሩትን ሊቀ መዘምራን ሞገስ ሥዩምን በብሔራዊ ቅርስ ሽልማት አክብሯቸዋል። ሽልማቱ የተሰጠው የአገረ ሰብ ጥበብን ለጠበቁ ሰዎች በሚሰጥበት ረድፍ ነው፤ ለምሁር በሚሰጥ ማዕርግ አይደለም።

የያሬድ ትምህርት ቤት በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተዋሕዶ ለመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። በአዊም ምድር ዛሬ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አዊኛም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኗል። ከጥርባ የሚነሣ ልጅ እንግዲህ ሁለት በር ከፊቱ አለ። በአንዱ ከገባ ድጓውን በግዕዝ ይቀጽላል፤ ምስክሩን የሚሰጠው የቤተ ልሔም መምህር ነው። በሌላው ከገባ ኖታ ያነባል፤ ዲግሪውን የሚሰጠው ሴኔት ነው። እናቱ በአዊኛ ስትዘፍንለት ያደገው ዘፈን በሁለቱም ቤት ምልክት አልተበጀለትም፤ የድጓው ፊደል ከግዕዝ ንባብ የተወሰደ ነውና ለአዊኛ ቃል አይቀመጥም፤ ኖታው ሊቀመጥለት ቢችልም ተቀምጦ የሚጽፈው ሰው ያስፈልጋል።