በሽቦው አጥር ቀዳዳ ያየሁት

የምተርክላችሁ ከሽቦ አጥር ውጭ ቆሜ በዓይኔ ያየሁትን ነው። አገሩ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፤ ወሩ ሚያዝያ። ልጄ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ ለትምህርት ቤቷ ሜዳ ቴኒስ በጥንድ ትጫወታለች። አጣማሪዋ ወላጆቿ ከኤልሳልቫዶር የመጡ ልጅ ናት። የእኔዋ ረጅም፣ ሰርቯ (የማስጀመሪያ ምቷ) ኃይለኛ፤ ያቺኛዋ አጠር ያለች፣ መረብ ላይ ግን ኳስ የማታሳልፍ።

ያን ቀን የልጄ ሰርቭ ከዳት። አንዱ ኳስ መረብ ላይ፣ ሁለተኛው ከመስመር ውጭ፤ ደብል ፎልት። ደግማ ሞከረች፤ ያው ሆነ። የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 2 ተሸነፉ። በሁለተኛው 3 ለ 1 እየተመሩ የልጄ የሰርቭ ተራ ደረሰ። ኳሱን ወደ ላይ ልትወረውር ስትል እጇ ሲንቀጠቀጥ ከአጥሩ ማዶ ታየኝ። እኔ ደግሞ «አይዞሽ! በርቺ!» እያልኩ እጮሃለሁ። በጮህኩ ቁጥር ወደ እኔ ዞር ትላለች፤ ዞር ባለች ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። ገባኝና አፌን ዘጋሁ።

እዚህ ላይ ልጆቹን ለአፍታ ትተን፣ ሰርቭ ታላላቆቹንም እንደሚከዳ ለማየት ወደ ዊምብልደን የቴኒስ ውድድር እንሻገር። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1993 ነው። ቼካዊቷ ያና ኖቮትና ከስቴፊ ግራፍ ጋር ለፍጻሜ ደርሳለች። በመጨረሻው ዙር 4 ለ 1 ትመራለች፤ 5 ለ 1 ለማድረግ አንድ ነጥብ ቀርቷታል። ሰርቩ የእሷ ነው። ደብል ፎልት ሆነባት! ከዚያ ወዲያ አንድም ጌም አላገኘችም፤ ግራፍ ዙሩን 6 ለ 4 ዘጋችው። ኖቮትና በሽልማት ሰጪዋ የኬንት ዱቼስ ትከሻ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ዓለም ሁሉ አየ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ያንን እንባ ነው። እኔ የምወደው ግን የ1998ቱን ነው። በዚያው ሜዳ ናታሊ ቶዚያን 6 ለ 4 እና 7 ለ 6 ረትታ የነጠላውን ዋንጫ አነሳች፤ በዚያው ውድድር የጥንዱንም ወሰደች። አጣማሪዋ ማን ነበረች? ማርቲና ሂንጊስ! በ1997 ፍጻሜ ላይ ኖቮትናን ያሸነፈችው፣ በ1998 ግማሽ ፍጻሜ ላይ ደግሞ ኖቮትና የረታቻት ሂንጊስ።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። በአንድ ነጥብና በሚቀጥለው መካከል ሕጉ የሚሰጠው 25 ሰከንድ ነው። አጣማሪዋ ከመረቡ ተመልሳ መጣች፤ አፏን በኳስ ሸፍና አንድ ነገር ነገረቻት፤ ከዚያም መረቡን ትታ ከኋላ መስመር ላይ ቆመች።

ምን እንዳለቻት የሰማሁት ማታ መኪና ውስጥ ነው። «በርቺ አላለችኝም፣ አባዬ» አለችኝ። «ቀስ አድርገሽ በመሃል ምቺ፤ እኔም ወደ ኋላ እመጣለሁ ነው ያለችኝ። ሰርቬ ሲደክም ኳሱን መልሰው እሷን ይመቱብኛል ብዬ ነበር የፈራሁት።»

ለካ የልጄ ፍርሃት ለራሷ አልነበረም! መረቡ ደግሞ ዳርና ዳር 107 ሴንቲ ሜትር ሲሆን መሃሉ ላይ 91 ብቻ ነው፤ በመሃል የሚሄድ ኳስ በቀላሉ ያልፋል። አለፈላትም። ቀጥሎም አለፈ። 4 እኩል ሲሆኑ አጣማሪዋን በራኬቷ ወደ መረቡ የመለሰቻት ልጄ ራሷ ናት። ዙሩን 6 ለ 4 ወሰዱ።

ሦስተኛው ዙር አጭር ነው፤ በሁለት ነጥብ ልዩነት 10 ነጥብ ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል። 9 ለ 8 እየተመሩ ሰርቩ የልጄ ሆነ። የመጀመሪያው ወጣ፤ ሁለተኛው ገባ! ተቀባይዋ ግን ኳሱን በሙሉ ኃይሏ መስመሩ ላይ አሳረፈችው። በእነዚህ ጨዋታዎች የመስመር ዳኛ የለም፤ በየራሳቸው ወገን የወደቀውን ኳስ የሚፈርዱት ተጫዋቾቹ ናቸው። ልጄ መዳፏን ዘርግታ ኳሱ መግባቱን አሳየች። 10 ለ 8 ተሸነፉ። ወደ አጥሩ አንዴም አልዞረችም።

እናንተ በአጥሩ ዳር የምትቆሙ አባቶችና እናቶች፣ እባካችሁ ያችን 25 ሰከንድ ለልጆቹ ተዉላቸው።