የዘረ መል ምክር አገልግሎት፦ ክብ፣ አራት ማዕዘን እና ጾታቸውን የቀየሩ ታካሚዎች

የዘረ መል ምክር አገልግሎት በዘር የሚተላለፍ በሽታ የሚያሰጋቸው ሰዎች የስጋታቸውን መጠን እንዲረዱ፣ መመርመር አለመመርመራቸውንም ራሳቸው እንዲወስኑ የሚያግዝ ሙያ ነው። በአሜሪካ ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ሦስት ትውልድ በሚያሳይ የቤተሰብ የዘር ሐረግ ሥዕል ነው። በሥዕሉ አራት ማዕዘን ወንድን፣ ክብ ሴትን ያመለክታል።

ይህ ቀላል የሚመስል ምልክት ጾታቸውን የቀየሩ ሰዎች ሲመጡ ይወሳሰባል። ቢአርሲኤ1 እና ቢአርሲኤ2 በተባሉት ዘረ መሎች ላይ ጎጂ ለውጥ ያለባቸው ሴቶች እስከ 80 ዓመታቸው በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ወደ 70 በመቶ ይጠጋል፤ የኦቫሪ ካንሰርም ያሰጋቸዋል። ሲወለድ ሴት ተብሎ ተመዝግቦ ዛሬ ወንድ ሆኖ የሚኖር ሰው ጡቱን በቀዶ ሕክምና ቢያስወግድም ጥቂት የጡት ሕብረ ሕዋስ ሊቀር ይችላል። ኦቫሪው ካልወጣ ደግሞ የዚያ ካንሰር ስጋት እንዳለ ነው። አማካሪው አራት ማዕዘኑን ብቻ ካየ ይህ ሁሉ ያመልጠዋል። በክብ ከሣለው ደግሞ ታካሚው ማንነቱ እንደተካደ ሊሰማውና ዳግም ላይመለስ ይችላል፤ ይህም ቢሆን ቀላል ጉዳት አይደለም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የዘረ መል አማካሪዎች ማኅበር የሥዕሉን ወጥ ምልክቶች ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ነው። በ2022 የወጣው ማሻሻያ ሁለቱን ጉዳዮች ለየ፤ ቅርጹ ሰው የሚኖርበትን ጾታ ሲገልጽ፣ ሲወለድ የተመዘገበለት ጾታ ከቅርጹ ሥር በአኅጽሮት ይጻፋል። ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው ለማይገልጹ የአልማዝ ቅርጽ ተመድቧል።

ከምልክቱ ይልቅ የሚከብደው ግን አጠያየቁ ነው። ሁለት ሴቶች አንደኛዋ እንቁላል ሰጥታ ሌላዋ ልታረግዝ ትችላለች። “የልጁ እናት ማን ናት?” ለሚለው ሁለቱም “እኔ” ቢሉ እውነት ነው። በዘር የሚተላለፍ በሽታን ለመለየት የሚፈለገው ግን የእንቁላሉና የወንዱ ዘር ምንጭ ነው፤ ያረገዘችው ሴት የጤና ታሪክ የሚያስፈልገው ለእርግዝናው ክትትል ነው። ስለዚህ “እንቁላሉ ከማን ነው?” ብሎ መጠየቅ ክብርንም ትክክለኛ መልስንም ያስገኛል።

ሌላም ጉዳይ አለ። የዘር ሐረግ ሥዕል የአንድ ሰው ምስጢር ብቻ አይደለም፤ አክስት ወይም እህት ለራሷ ምርመራ ልትጠቀምበት ትችላለች። ጾታውን መቀየሩን ለዘመዶቹ ያልነገረ ታካሚ በዚያ ወረቀት ሊጋለጥ ይችላል። በመሆኑም አማካሪው ምን እንደሚጻፍና ቅጂው ለማን እንደሚደርስ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ታካሚውን መጠየቅ ይኖርበታል።