የእነሱ ክረምት፣ የእኛ በጋ፦ የቅንጦት ሳፋሪና የጋይንት ደጋ

«ክረምት» ሲባል ለእኛ የሚታየን የሰኔና የሐምሌ ደመና፣ የነሐሴ ጭቃ፣ ማሻገሪያውን የዋጠ ወንዝ ነው። የሰሜን አውሮፓ ሰው ክረምት ግን ታኅሣሥና ጥር ላይ ይውላል። በስቶክሆልም በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትታየው ለስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ በዚያው ሳምንት በጋይንት ብርሃኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት በላይ ይቆያል፣ ሰማዩም ጠርቶ ይውላል። የአፍሪካ የሳፋሪ ገበያ ከቆመባቸው ምሰሶዎች አንዱ ይህ የወቅት መገላበጥ ነው፤ የእነሱ ክረምት ለእኛ በጋ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው አንድ ነገር ነው። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ የጎብኚው ወቅትና የገበሬው እጅ የሚፈታበት ወቅት ይገጥማሉ። ይህ ግጥምጥሞሽ ትልቅ ሀብት ነው። ሀብቱ ለገበሬው የሚደርሰው ግን በመሬቱ ላይ ያለው መብት ከእንግዳው መምጣት አስቀድሞ ሲጸና ነው።

«ሳፋሪ» ከዓረብኛ ወደ ስዋሂሊ የገባ ቃል ሲሆን ፍቺው ጉዞ ነው። በሀብታሞች ዘንድ የታወቀው በጠመንጃ ነበር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1909 በምሥራቅ አፍሪካ ያደረገው የአደን ጉዞ ስሙን በዓለም አናኘው። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ስትከለክል ካሜራው ጠመንጃውን ተካ፤ የቅንጦቱ ሥርዓት ግን አልተለወጠም፦ ጥቂት እንግዳ፣ ከፍተኛ ክፍያ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አንድ ጎብኚ ጎሪላ ለማየት 1,500 ዶላር እንዲከፍል ደንግጋለች፤ በዚያው ዓመትም ከቱሪዝም ገቢው ለአካባቢው ማኅበረሰብ የሚሰጠውን ድርሻ ከአምስት ወደ አሥር በመቶ ከፍ አድርጋለች። ስለ ቅንጦት ቱሪዝም ሲወራ ሁለተኛው ቁጥር ይረሳል፤ ለእኔ የበለጠ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ኢትዮጵያም ፀሐይዋን ለመሸጥ አልዘገየችም። የአገሪቱ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ የቱሪስት ድርጅቱን ሲመሩ የፈጠሩት መፈክር የ13 ወር የፀሐይ ብርሃን የሚል ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜንን ጭምር ለደመና ለሚማረር እንግዳ ማቅረብ። የታሪካዊ ጉዞውንም መስመር ቀየሱ፦ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ላሊበላ። ጉዞው በአብዛኛው በአውሮፕላን ነበርና በባሕር ዳርና በላሊበላ መካከል ያለው ደጋ ከላይ የሚታይ ብቻ ሆነ። ጋይንት ከዚያ መስመር በታች ቀረች።

መኪና የመጣው ቆይቶ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በቻይናውያን መሐንዲሶች የተሠራውና በደርግ ዘመን የተጠናቀቀው የወረታ–ወልዲያ መንገድ ደብረ ታቦርን፣ ነፋስ መውጫን፣ ጨጨሆንና ጋሸናን እያገናኘ ያልፋል። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ በመኪና የሚሄድ ጎብኚ ላይ ጋይንትን ሳይረግጥ አያልፍም። ግን ይረግጣል እንጂ አያድርም። ነፋስ መውጫ ቡና ይጠጣል፣ ከገደሉ አፋፍ ፎቶግራፍ ያነሳል፣ ማታ ላሊበላ ይገባል፤ የአልጋው፣ የእራቱና የአስጎብኚው ክፍያም እዚያ ይቀራል።

ወቅቱን ቀረብ ብለን እንየው። ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወራት ናቸው፤ ገብሱና ስንዴው አውድማ ላይ ነው፣ ወንድ ሴት፣ ልጅ አዋቂ ሥራ አለው። የገናና የጥምቀት ሰሞን ምርቱ ጎተራ ይገባል። ከጥር አጋማሽ ጀምሮ እስከ በልጉ ወይም እስከ ክረምቱ እርሻ ድረስ እጅ ይፈታል፣ ጎተራውም መጉደል ይጀምራል። ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ወረዳዎች መካከል ናቸው፤ የሕዝብ ሥራው የሚከናወነውም በአብዛኛው በፈረንጆቹ ከጥር እስከ ሰኔ ነው። አባወራው እርከን እየሠራ፣ ድንጋይ እየተሸከመ እህሉን ወይም ገንዘቡን ይቀበላል። የአውሮፓ ሰው ከቅዝቃዜና ከጨለማ የሚሸሸው በዚሁ ወቅት የመጀመሪያ ወራት ነው። ሌሎች አገሮች የቱሪዝም ሥራ ገበሬውን ከእርሻው ያፈናቅላል ብለው ይሰጋሉ፤ እዚህ ሥራው የሚመጣው በሬ ባረፈበት ጊዜ ነው። ከጥር እስከ መጋቢት በበቅሎ ጫኝነት፣ በመንገድ መሪነት፣ በምግብ ሥራ የሚገኝ ገቢ የሴፍቲኔቱን ቦታ ባይተካም ክፍተቱን ያጠብባል።

ለእንግዳው አንድ እውነት መደበቅ አይገባም፤ ጋይንት ሞቃት አይደለችም። የነፋስ መውጫ ስም ራሱ ይናገራል። በጥር ሌሊት በጉና ተራራ ላይ ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል፣ ሰዉም ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ ይጠብቃል። ረፋድ ላይ ያ ሁሉ ይቀልጣል። የሰሜኑ ሰው የተራበው ግን ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ብርሃን ነው፣ የሚራመድበት ደረቅ መሬት ነው፣ ጸጥታ ነው። እነዚህን ጋይንት በብዛት አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ እንኳ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያ ደጋ ከባድ ጉዞ የሚሞከረው በበጋ መሆኑን ያውቁ ነበር።

የሚታየውስ ምንድን ነው? አንበሳና ዝሆን ፈላጊ ወደ ማሳይ ማራ ይሂድ። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሳው ጉና በእስቴ፣ በፋርጣና በላይ ጋይንት መካከል የቆመ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው፤ ጣናን የሚመግቡት ርብና ጉማራ ከእሱ ይመነጫሉ። በአናቱ ጓሳና ጅብራ ይበቅላል። በስማዳና በታች ጋይንት በኩል መሬቱ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ገደል ሆኖ ይወርዳል፤ ደጋ ላይ ቁርስ የበላ እግረኛ ቆላ ወርዶ ሊያድር ይችላል። የእነዚህ ገደላት ጌታ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዓለም የትም የለም። ቀይ ቀበሮው ግን ከጉና ጠፍቷል። እርሻውና ግጦሹ ወደ አናቱ ሲወጣ ማረፊያው ጠበበ። ይህ ጥፋት ሊያሳፍረን ይገባል፤ ለእንግዳ የምናሳየውን ሀብት በገዛ እጃችን እየቀነስን ነውና።

ከአውሬው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የጋይንት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት ነው። ቤተልሔም የተባለችው ደብር የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት። ከመላው ኢትዮጵያ የመጣ ደቀ መዝሙር ዜማውን አጽንቶ የሚመረቀው እዚህ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 በበቅሎ ተጉዞ ቤተልሔም ሲደርስ በክብ የሣር ክዳን ውስጥ የተሸፈነ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ለውጭው ዓለም አስታወቀው። «አገኘ» የሚለው ቃል ለውጭ አንባቢ ነው እንጂ ሊቃውንቱ ቤተ ክርስቲያናቸውን አንድም ቀን አልሳቱትም።

ይህን ሀብት ያለ ትልቅ ሆቴል ገቢ ማድረግ እንደሚቻል ጎረቤት መቄት አሳይታለች። ተስፋ የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 የመጀመሪያውን ማረፊያ መቋት ማርያም ላይ ከፈተ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ማረፊያው በአካባቢው አሠራር የተሠራ ጎጆ ነው፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ። እንግዳው ከአንዱ ማረፊያ ወደ ሌላው በእግሩ ይሄድ፣ ጓዙን አህያ ይጭን፣ ምግቡን የመንደሩ ሰው ያበስል፣ ከክፍያውም ድርሻ ለማኅበረሰቡ በቀጥታ ይደርስ ነበር። እዚያ ቅንጦቱ ዕብነ በረድ አልነበረም፤ በአንድ ጊዜ ጥቂት ሰው ብቻ መቀበሉ ነበር። ጉና ላይም እንዲሁ ቢደረግ የሚያስፈልገው ጥሩ ፍራሽ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ንጹሕ መጸዳጃና በፀሐይ ኃይል የሚሞቅ ውኃ ነው። የማገዶው ነገር ጥብቅ ደንብ ይሻል፤ ለእንግዳ መሞቂያ ሲባል አስታ የሚቆረጥ ከሆነ ሥራው ራሱን ይበላል።

ሌላውም መንገድ አለ፤ የግል ሎጁ። በስሜን ተራሮች ጥግ እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ሊማሊሞ ሎጅ ሰሜን ኢትዮጵያ ከፍተኛ ዋጋ የሚከፍል እንግዳ ማስተናገድ እንደምትችል አረጋግጧል። ስሜን ግን ሌላ ትምህርትም አላት፤ ብሔራዊ ፓርኩን ለማዳን የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ሆኗል። የፓርኩ ችግር እውነት ነበር፣ የነዋሪው ስንብትም እውነት ነው። ጉና ላይ ይህ እንዳይደገም ከአሁኑ መታሰብ አለበት። በማሳይ ማራ ዙሪያ ባለመሬቶቹ ማሳዮች መሬታቸውን አዋህደው ለካምፕ ባለቤቶች ያከራያሉ፤ ኪራዩ የሚሰላው በመሬቱ ስፋት እንጂ በተያዘው አልጋ ብዛት አይደለም። ይህ የተቻለው ማሳዩ የመሬቱ ባለቤት ስለሆነ ነው። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የወል ግጦሽ ደግሞ ከግል ይዞታም ይልቅ ጠባቂ የሌለው ነው። ባለሀብት ሲመጣ ድርድሩ ከወረዳ ወይም ከክልል ቢሮ ጋር ይሆናል፣ እረኛው ወሬውን ዘግይቶ ይሰማል። ከአገራችን ግን ሌላ ምሳሌ አለ፤ የመንዝ ሰዎች የጓሳ መሬታቸውን ለዘመናት የጠበቁት ቄሮ በተባለ የወል ሥርዓት ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አስቀጥሎ በክልሉ እውቅና አግኝቷል። የጉና ሰው የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ የጸና የወል መብት ነው።

በአሁኑ ሰዓት ስለ ሳፋሪ መጻፍ የሚከብደው ሰው ይኖራል፤ አይፈረድበትም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫ ደርሶ ሴቶች ተደፍረዋል፣ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት አለ። እንግዳው ቀርቷል፣ በቅሎው ጭነት የለውም። ሰላም ሳይኖር ጎብኚ ጋብዙ ማለት አይገባም። ደንብ ለማውጣት ግን ጎብኚው እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ተራራውን የሚፈልግ ባለሀብት በሌለበት ጊዜ የሚወጣ ደንብ ለነዋሪው ይበልጥ ፍትሐዊ ይሆናል።

ስለዚህ የአማራ ክልል ምክር ቤትና የሚመለከታቸው ቢሮዎች የጉና ዙሪያ ቀበሌዎች በማኅበር ተደራጅተው የወል መሬታቸውን በስማቸው እንዲያስመዘግቡ፣ ወደፊት ለሚሠራ ማንኛውም ማረፊያም አከራዮቹ እነሱ እንዲሆኑ የሚያደርግ ደንብ ያውጡ። ይህ ሳይሆን በተራራው ላይ አንድ ሎጅ እንኳ አይፈቀድ።