«የሦስት ወሩ» ስኳር ከየት መጣ?

ቤቴል ያሉ አንዲት ጎረቤቴ ቀጠሮ ሲቃረብ ሦስት ቀን ጣፋጭ ይተዋሉ። የጾም ስኳራቸው ታዲያ ሁሌም ቆንጆ ነው። ዘንድሮ ሐኪማቸው «የሦስት ወሩን» አዘዘና ጉዱ ወጣ፦ 9.4%።

የዚህ ምርመራ መነሻ ቴህራን ናት። ሳሙኤል ራህባር የሚባል ኢራናዊ ሐኪም የሕሙማንን ሄሞግሎቢን ሲመረምር፣ የስኳር ሕመምተኞች ደም ላይ አንድ ያልተለመደ ዓይነት ደጋግሞ አየ። በ1968 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ነገሩ ስኳር የተጣበቀበት ሄሞግሎቢን ነው፤ ቀይ የደም ሴሉ እስኪሞት፣ 120 ቀን ያህል፣ አይለቅም። የሦስት ቀን ጥንቃቄ የት ያደርሰዋል!

የዓለም ጤና ድርጅት ሕመሙን ለመለየት (6.5% እና ከዚያ በላይ) የተቀበለው ግን በ2011 ነው። 43 ዓመት! በነገራችን ላይ፣ ደም ማነስ ያለበት ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል።

ይህን ሳጫውታቸው ጎረቤቴ ሳቁ፦ «የገዛ ደሜ ነው ያሳበቀብኝ በለኛ!»