የማያርፍ እጅና የታመመ ልብ

ቀለም የሚደፋ፥ ጽሕፈቱ በድንገት የተበላሸ፥ ፊቱን የሚያጣምም ልጅ በክፍል ውስጥ ብናይ ብዙዎቻችን «ባለጌ ነው» ብለን እንፈርድበታለን። የሕክምና ታሪክ ግን ይህ ብልግና ሳይሆን ደዌ ሊሆን እንደሚችል ያስተምረናል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1518 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ከተማ ብዙ ሰዎች ሳያቋርጡ ሲጨፍሩ፥ ሹማምንቱ ወደ ቅዱስ ቪቱስ ቤተ ጸሎት ላኳቸው። በ1686 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደንሃም በዚሁ በቅዱስ ቪቱስ ጭፈራ ስም ሌላ የልጆች በሽታ ገልጦ ጻፈ። ሕመምተኛው አንድ እግሩን ይጎትታል፤ እጁ ለአፍታ አያርፍም፤ ጽዋ ወደ አፉ ለማድረስ ብዙ ይወራጫል። ሲደንሃም የሚያክመው ደም በማውጣትና ሆድ የሚያጥብ መድኃኒት በማጠጣት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ሐኪሞች አርሴኒክ የተባለውን መርዝ በጥቂቱ ይሰጡ ጀመር። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ስለሚለቅ ምስጋናው ለመርዙ ሆነ።

በ1850 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ዠርመን ሴ በሽታው ከቁርጥማት ትኩሳት ጋር ዝምድና እንዳለው አስረዳ። በ1866 ዓ.ም. አንሪ ሮዤ የልብን ሕመም ጨመረበት። ምክንያቱ በኋላ ታወቀ፤ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሕዋስ ጉሮሮን ሲያሳምም፥ ተሕዋሱን ሊወጋ የተነሣው የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ልብንና አንጎልን ይወጋል። መወራጨቱ ጉሮሮው ከዳነ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚመጣ ዝምድናው ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖረ።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 ዓ.ም. ያገኘው ፔኒሲሊን ይህን ተሕዋስ ይገድላል። ዛሬ ሐኪሞች መወራጨቱን የሚያበርድ መድኃኒት ይሰጣሉ፤ ከዚያም በሽታው እንዳይመለስ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ለብዙ ዓመታት ይወጋሉ። እጁ ቢያርፍም የልብ በር ተበላሽቶ ሊቀር ይችላልና መርፌው መቋረጥ የለበትም።

ይህ ነገር ለአገራችን ሩቅ አይደለም፤ ከጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የልብ በሽታ ዛሬም ብዙ የኢትዮጵያ ልጆችን ያጠቃል። እንጥል ማስቆረጥ ተሕዋሱን አይገድልም። ስለዚህ ወላጆቻችን ጉሮሮው የታመመውን ልጅ ወደ ሐኪም እንዲወስዱ፥ መምህራኖቻችንም እጁ አልታዘዝ ያለውን ተማሪ ከመቅጣታቸው በፊት እንዲያስመረምሩት በትሕትና እንለምናለን። እኛም ተማሪዎች በጓደኛችን መወራጨት አንሣቅ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና፥ የሚሣቅበት ልጅ ሕመሙን ይደብቃል።