ቦርጭ ማዕረግ የነበረበት ዘመን

«ሆድና ግንባር አይሸሸግም» የሚለው ተረት ለብዙ ነገር ይጠቀሳል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ሌላ ትርጓሜ ሳልፈልግለት ስለ ሆድ፣ ይልቁንም አርባ ዓመት ሲቃረብ ከቀበቶ በላይ ብቅ ስለሚለው ቦርጭ ነው። ነገሩ ለጨዋታ የተነሣ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከመንዝ ወጥተን አዲስ አበባ የገባን አብሮ አደጎች በተገናኘን ቁጥር ወሬያችን ስለ ደም ግፊት ኪኒንና ስለ ስኳር ምርመራ ከሆነ ሰንብቷል። አባቶቻችን በሰባ ዓመታቸው ገደል ወርደው ገደል ይወጡ ነበር። እኛ በአርባ ሁለታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ ግድግዳ እንደገፋለን። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ምን ተለወጠ? መልሱ በሐኪሞች ዘንድ ብቻ ያለ አይመስለኝም፤ ከፊሉ በታሪካችን ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ቋንቋችንን እንመልከት። ከከተማ ወደ አገር ቤት የሄደ ሰው ሰውነቱ ሞላ ብሎ ከታየ «ተመስገን፣ አማረብህ፣ ጠና ብለሃል» ይባላል። ቀጠን ብሎ ከሄደ ደግሞ አክስቱ ጉንጩን ዳስሳ «ምነው ልጄ፣ ታመህ ነበር እንዴ?» ትለዋለች። በእርሷ ዘንድ መክሳት የሕመም ወይም የችግር ምልክት ነው፤ መወፈር የጥጋብና የሰላም። የሚገርመው ግን ይኸው ቋንቋ «ቀጭን ጌታ»፣ «ቀጭን እመቤት» የሚሉ አባባሎችም አሉት። ሥራ የማይነካውን፣ ከነፋስና ከፀሐይ ተከልሎ የሚኖረውን ሰው ነው እንዲህ የሚለው። እንግዲህ ወፍረትም ቅጥነትም የሚመዘኑት በአንድ ሚዛን ነበር ማለት ነው፤ ማን ይሠራል፣ ማን ይሠራለታል በሚለው ሚዛን።

ይህን ሚዛን ያጸናው የግብር አዳራሽ ነው። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከመንዝ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ነጋሢ ክርስቶስ ከአጋንቻ ተነሥቶ ያቆመው መስፍንነት እየሰፋ ሄዶ በሣህለ ሥላሴ ጊዜ አንኮበር ላይ ታላቅ ቤተ መንግሥት ሆነ። በ1833 ዓ.ም. ወደዚያ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ካተታቸው ነገሮች አንዱ የንጉሡ ግብር፣ ጥሬ ሥጋውና ጠጁ ነው። በኋላም ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ ባሠሩት አዳራሽ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይበላ ነበር። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ጮማ መቁረጥ ሹመት ነው፤ ጠጅ በብርሌ መጠጣት ሹመት ነው፤ በበቅሎ መሄድ ሹመት ነው። ከነዚህ ሁሉ የሚገኘው ቦርጭም በባለቤቱ ላይ እንደ ካባ የሚታይ ማዕረግ ነበር። በእግሩ የሚከተለው አሽከር ቦርጭ ከየት ያመጣል?

ገበሬው ግን ሌላ ታሪክ አለው። መንዝን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጌራ ምድር፣ ማማ ምድርና ላሎ ምድር ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ከፍ ያሉ፣ ውርጭ የሚያጠቃቸው ሜዳዎች ናቸው። ሜዳ ይባሉ እንጂ በየአቅጣጫው በሸለቆ የተቆረጡ ናቸው፤ ሞፈር ውሃ አለ። ወደ መርሐቤቴ ሲዘልቁ ደግሞ ጀማና ወንጭት አገሩን ከሁለት ወገን ይዘውታል። ከደጋው ወደ ቆላው ገበያ መውረድና ጨው፣ ማሽላ ወይም ጥጥ ይዞ መመለስ በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ የአየር ጠባይ ወደ ሌላ አገር መሻገር ነው። ከጓሳ ሜዳ ሣር አጭዶ ለቤት ክዳን ማምጣትም እንዲሁ። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደቆየ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ይህን ምድር እየዘጋና እየከፈተ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ጠብቆት ኖሯል። ጓሳው ሲከፈት የሚሄደው ሰው በእግሩ ሄዶ፣ በትከሻው ተሸክሞ ይመለስ ነበር።

ምግቡም ለሥራው የተመጠነ ነበር። የመንዝ ጌታ ገብስ ነው፤ እንጀራው፣ ቂጣው፣ ቆሎው፣ በሶው፣ ጠላው ከገብስ ነው። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል አሠር አለው፤ ከዚህ አሠር በቀን 3 ግራም ያህል የሚያገኝ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የኮሌስትሮል መጠን እንደሚቀንስ የዘመኑ የምግብ ሳይንስ ያረጋግጣል። የገብስ በሶ በልቶ የወጣ ሰው ቶሎ አይርበውም። በዚያ ላይ ጾሙ አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም፣ ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ ምእመኑ በዓመት እስከ 180 ቀን፣ ካህናቱና መነኮሳቱ ደግሞ እስከ 250 ቀን ድረስ ከሥጋና ከወተት ይርቃሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱም ብዙ ናቸው። ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1965 ሲያሳትም መነሻ ካደረጋቸው አገሮች አንዱ ይኸው መንዝ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ኑሮ ያፈራው ሰውነት በታሪክ ላይ ሥራ ሠርቷል። በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከአዲስ አበባ የተነሣው ጦር የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ ለመዋጋት ወደ 1000 ኪሎ ሜትር ተጉዟል። አብዛኛው ወታደር የሄደው በእግሩ፣ ስንቁም በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነበር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የአርበኝነት ዘመን ደግሞ በተጉለት፣ በቡልጋ፣ በመንዝና በመርሐቤቴ ገደሎች ጠላትን ሲያደክሙ ከነበሩት መሪዎች ዋነኛው አበበ አረጋይ ነበሩ። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ፤ የከተማ ሹም ማለት ነው። በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው ከቢሮ ወጥተው አምስት ዓመት በዱር ኖሩ። ሰው በጎልማሳነቱ አዲስ አካል ሊያወጣ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር አለ?

ስፖርትም ይህንኑ ይመሰክራል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አበበ ቢቂላ የተወለደው በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ ጃቶ በተባለ መንደር ነው። ስለ ዕድሜ ስናነሣ ግን ይበልጥ ልናስታውሰው የሚገባን ማሞ ወልዴን ይመስለኛል። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ ሲያጠልቅ 36 ዓመቱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ፣ በ40 ዓመቱ፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ሮጦ ነሐስ አገኘ።

«እነዚህ ደገኞች ስለሆኑ ነው፤ ደማቸው ነው» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ጨርሶ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የእነ ሲንቲያ ቢል ጥናት በሰሜን ተራራ፣ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደም ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን መጠን በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ያልራቀ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህም የኢትዮጵያ ደገኛ ከፍታን የሚቋቋምበት የራሱ መንገድ እንዳለው ያመለክታል። ነገር ግን ደም ከቦርጭና ከስኳር አያድንም። በ1977 ዓ.ም. ግድም ወደ እስራኤል የተሻገሩት ቤተ እስራኤሎች በአብዛኛው ከጎንደርና ከሰሜን ደጋ የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት እዚያ ጥቂት ዓመታት በኖሩ ወጣት ኢትዮጵያውያን ዘንድ የስኳር በሽታ በርክቶ መገኘቱን ገለጸ። ሰዎቹ ያው ናቸው። የተለወጠው መንገዱና መሶቡ ነው።

«ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት መፍጨት ስለሚያቅተው ነው የምንወፍረው» የሚለው ሰበብም ብዙ አያስኬድም። እነ ኸርማን ፖንትዘር እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት፣ ከ29 አገሮች የተሰበሰበ ከ6,400 በላይ ሰዎችን ባካተተ ምርመራ፣ ለሰውነት መጠን ሲስተካከል ሰው በቀን የሚያቃጥለው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ ያን ያህል እንደማይለወጥ ታይቷል። እንግዲህ በአርባ ዓመት የሚዳከመው ምድጃችን አይደለም፤ እንቅስቃሴያችን ይቀንሳል፣ ጡንቻችን ይሳሳል፣ ማዕዳችን ግን ይሰፋል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ምርመራ የለንደን አውቶቡሶች ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጥናት በአንድ አውቶቡስ የሚሠሩትን ሾፌሩንና ትኬት ቆራጩን አወዳደረ። ደመወዛቸው ተቀራራቢ፣ ሰፈራቸው ተመሳሳይ ነው። ነገር ግን ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ትኬት ቆራጩ የባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም በሾፌሮቹ ላይ በዝቶ ተገኘ። በ1956 ደግሞ ለሠራተኞቹ የተሰፋውን የደንብ ልብስ መዝገብ ቢያገላብጡ፣ በየዕድሜው የሾፌሮቹ ሱሪ ወገብ ሰፊ ሆኖ ተገኘ። የእኛ የመንዝ ልጆች ታሪክም ይኸው ነው፤ አባታችን ደረጃ ወጪ ነበር፣ እኛ ሾፌር ሆንን።

ይህን ሁሉ ስል ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። የመንዝ ሰው ቅጥነት ከፊሉ ከሥራው ቢሆንም፣ ከፊሉ ከእጦት የመጣ ነው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረውን ክፉ ቀን፣ የ1977ቱን ድርቅ ያለፈ አገር ነው። በልግ ሲከዳ ጎተራ ይራቆታል። አክስቴ መክሳትን እንደ ሕመም የምታየው አላዋቂ ስለሆነች አይደለም፤ ያየችውን ስላየች ነው። ሴቶቹማ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወፍጮ ላይ ተንበርክከው ገብስ ሲፈጩ፣ እንስራ አዝለው ዳገት ሲወጡ የጎበጠውን ወገባቸውን «ጤናማ እንቅስቃሴ» ብሎ መጥራት ግፍ ነው። የሞተር ወፍጮና የቧንቧ ውሃ ሲገባ እልል ያሉት በምክንያት ነው። ድህነት ጤና ነው የሚል ሰው ድህነትን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ነው።

ቁጥሩም የሚነግረን ሁለቱ መከራዎች ጎን ለጎን እንደሚሄዱ ነው። በብሔራዊው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 30 ከመቶው ከመጠን በላይ ቀጫጭን፣ 3 ከመቶው ወፍራም ነበሩ። በ2016 ቀጫጭኖቹ ወደ 22 ከመቶ ሲወርዱ ወፍራሞቹ ወደ 8 ከመቶ ወጡ። የመጀመሪያው ለውጥ የሚያስደስት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሚያሳስብ፤ በተለይ ለከተማ።

ከተማ ጾማችንን ሳይቀር ለውጦታል። ሥጋና ቅቤ ቀርቶ በምትኩ በዘይት የተጠበሰ ድንች፣ ፓስታ፣ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ገብቷል። ፍስክ ሲሆን ደግሞ የግብር አዳራሹ በየሥጋ ቤቱ ተከፍቷል፤ በአያቶቻችን ዘመን በዓመት ጥቂት ቀን የሚደርሰን ጮማ ዛሬ ደመወዝ በተቀበልን ቁጥር ይቆረጣል። የጌታውን ማዕድ ወረስን፤ የሎሌውን እግር ግን ጣልን። የዘመናችን ቦርጭ ምሥጢሩ፣ እንደኔ ግምት፣ በዚህች በአንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ወደ ኋላ ተመልሰን ውርጭ ላይ እንረስ የሚል የለም። ከአባቶቻችን ኑሮ ጤናውን ወስዶ መከራውን መተው ግን ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም ተመጣጣኝ እንቅስቃሴ ነው፤ ይህ የመንዝ ገበያተኛ በአንድ ቅዳሜ የሚጨርሰው መንገድ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያሠራ ሥራ፣ ማንሣትና መሸከም ይጨመርበት ይላል። ሊፍት ባለበት ደረጃውን መምረጥ፣ ሁለት ፌርማታ ቀደም ብሎ ከታክሲ መውረድ ብር አያስወጣም። በሶና ቆሎን የድሃ ምግብ ነው ብሎ ከቤት ማስወጣት ቀርቶ ከዶናቱ ጋር ቢወዳደሩ ማን እንደሚበልጥ እናውቃለን። ወገብን በሜትር መለካትም አያሳፍርም፤ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፈ የአደጋው ደወል እየተደወለ ነው። ደም ግፊት ደግሞ ሳይታመሙ የሚለካ ነገር ነው፤ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የተባለው ለዚህ ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን አንደበታችን ቢታረም ደስ ይለኛል። የወፈረውን ሰው «አማረብህ» ብለን አንሸንግለው፤ «ቦርጫም» ብለንም አንዝለፈው። ቦርጭ ማዕረግ የነበረበት ዘመን ብዙኃኑ የሚራብበት ዘመን ነበር። ያ ዘመን ፈጽሞ እንዲያልፍ የምንመኝ ከሆነ፣ የሰው ክብር በሆዱ ስፋትም ሆነ በጥበቱ የማይለካበትን ልማድ ማምጣት አለብን። ደገኛው ሲመረቅ «ጉልበትህ ይበርታ» ይባላል። ምርቃቱ ስለ ሆድ አንዳች አይናገርም።