ከላሎ ምድር እስከ አረንጓዴው ሳሎን

ስቱዋርት ሜንዚስ በለንደን የብሪታንያ የውጭ ስለላ አለቃ ሆኖ ሲሾም በእኛ አቆጣጠር ዘመኑ 1932 ዓ.ም. ነበር። ቢሮ ነበረው፣ በጀት ነበረው፤ የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የሚላላከውን የምስጢር መልእክት የሚፈቱ ሊቃውንትም ነበሩት። በዚያው ዓመት በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የሚዋጉት አበበ አረጋይ ከእነዚህ አንዱም አልነበራቸውም። ሆኖም የጣሊያኑን ጄኔራል ናሲን “ልገባ ነው” እያሉ በድርድር ወራት አስቆጠሩት፤ በመጨረሻም አልገቡም። የስለላ ብርታት በአለቃው ብልሃት ብቻ አይመዘንም፤ ወሬው ከማን ወጥቶ ለማን ይደርሳል የሚለው ይበልጣል። ራስ አበበ ሁለቱንም ዓይነት ስለላ፣ የሕዝቡንም የቢሮውንም፣ በሕይወታቸው አይተዋልና ከእሳቸው የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ባላምባራስ አበበ የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። ወደ ጫካ የወጡት ከተማዋን በሚገባ አውቀው ነው፤ በከተማ የቀረውም ሕዝብ አልተዋቸውም። የውስጥ አርበኛ የምንለው ያ ሕዝብ ነው። ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች ጥይትና መድኃኒት ከወሬ ጋር ሲያደርሱ ተይዘው እስከ ጣሊያን አገር፣ እስከ አዚናራ ደሴት ተግዘዋል። እንዲህ ያለው ሰው ደመወዝ የለውም፣ ሹመትም አይጠብቅም። ውሸት ቢያደርስ የሚሞተው ወንድሙ ነው፤ ስለዚህ ወሬውን ሳያጣራ አይልክም። በቢሮ የተቀመጠ ጆሮ ጠቢ ይህ ግዴታ የለበትም፤ አለቃው ሊሰማ የሚወደውን ቢጽፍ ይሾማል እንጂ አይጎዳም።

አርበኛውን ያተረፈው ገደሉ ነው የሚል ይኖራል። የጃማና የወንጪት ሸለቆዎች ለማንም የማይደፈሩ መሆናቸው አይካድም። ነገር ግን በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በላሎ ምድር፣ በዘረት ዋሻ የሆነውን እንመልከት። የአርበኛው የተሾመ ሽንቁጥ ሰዎች ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከቁስለኞች ጋር እዚያ ተጠልለው ነበር። ጠላት ስፍራውን ካወቀ በኋላ ዋሻው መጠጊያ መሆኑ ቀረ፤ ጣሊያን የመርዝ ጋዝ ለቀቀባቸው፣ እጃቸውን የሰጡትንም ረሸነ። ይህን ግፍ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለው ጣሊያናዊ ተመራማሪ ከራሱ አገር የጦር መዛግብት አውጥቶ አጋልጦታል። ገደል የሚያድነው ምስጢሩ እስከተጠበቀ ድረስ ነው፤ ምስጢሩን የሚጠብቀው ደግሞ ሰው ነው። ባንዳስ የዚያው አገር ልጅ አልነበረም ወይ? ነበረ። ሆኖም ባንዳ በየደብሩ እያለ ትግሉ አምስት ዓመት መዝለቁ፣ ከሚሸጠው ይልቅ የሚሸሽገው ሰው መብዛቱን ያሳያል።

ከድል በኋላ ስለላው ከሕዝብ እጅ ወጥቶ ቤተ መንግሥት ገባ። የቡልጋው ተወላጅ ሚኒስትር መኮንን ሀብተወልድ የራሳቸው ወሬ አቀባዮች ነበሯቸው፤ የጸጥታው ኃላፊ ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁም እንዲሁ። እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ የሁሉም ወሬ የሚደርሰው ግን ለንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበር። መንግሥት ያለ ስለላ አለቃ አይቆምም ለሚሉኝ እውነት ነው እላለሁ፤ አለቃውን የሚጠይቅ ሌላ አካል ግን ያስፈልጋል። በሜንዚስ መሥሪያ ቤት የጸረ ሶቪየት ክፍል ኃላፊ የነበረው ኪም ፊልቢ ራሱ የሶቪየት ሰላይ ነበር። እ.አ.አ. በ1951 ከሥራው የለቀቀው የአገር ውስጡ የጸጥታ መሥሪያ ቤትና አሜሪካኖች ስለጠረጠሩት ነው። የራሱ ባልደረቦች ያኔም ይሟገቱለት ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጠያቂ አልነበረም። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ሌሊት መፈንቅለ መንግሥቱ ሲጀመር ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ነበሩ፤ ወርቅነህም ከጠንሳሾቹ አንዱ ነበሩ። የአገሪቱን ወሬ ሁሉ የሚያውቁት ሰው ሲያሴሩ ወሬው ወዴት ይሂድ? ከሦስት ቀን በኋላ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ በአረንጓዴው ሳሎን ታግተው ከተረሸኑት መካከል መኮንን ሀብተወልድ ይገኙበታል፤ አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያን ሊይዛቸው ያልቻለው ራስ አበበ አረጋይም አብረው ወደቁ።